ዱካው ከየት ይነሣል? የጋራ አብነትና የፋይል አድራሻ በድረ ገጾች ላይ

የሠርግ ጥሪ ካርድ የደረሰው ሰው ሁሉ ከካርዱ ጋር አንዲት በፎቶ ኮፒ የተባዛች የመንገድ ንድፍ አብራ እንደምትመጣ ያውቃል። በንድፏ ላይ አደባባይ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ቀስት፣ በመጨረሻም ድንኳኑ የሚተከልበት ግቢ ይታያል። ንድፏ ስሕተት የለባትም፤ ከአደባባዩ ለሚነሣ ሰው ሁሉ ትክክለኛ መሪ ናት። ነገር ግን ያችው ንድፍ ከከተማው ሌላ ጫፍ ለሚመጣ እንግዳ ‹‹ወደ ግራ ታጠፍ›› ስትለው የእርሱ ግራ ሌላ ግራ ነው። ወረቀቷ አንድ ሆና መነሻው ብዙ ስለሆነ ለአንዱ እውነት የሆነችው ለሌላው ሐሰት ትሆናለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ከዚህች ንድፍ የራቀ አይደለም። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው በየገጹ አናት ላይ የሚደገመውን ክፍል፣ ማለትም አርማውን፣ ርእሱንና የማውጫውን ዝርዝር፣ አንድ ጊዜ ጽፎ በሁሉም ገጾች ላይ እንዲታይ ያደርጋል። ይህን የጋራ ክፍል አብነት ወይም ቴምፕሌት እንለዋለን። አብነቱ አንድ ነው፤ የሚታይባቸው ገጾች ግን በልዩ ልዩ ፎልደሮች ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። በአብነቱ ውስጥ የተጻፈው የፋይል አድራሻ፣ በባለሙያዎች ዘንድ ፓዝ የሚባለውና እኛ ዱካ የምንለው፣ እንደ ሠርጉ ንድፍ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚነሣ ከሆነ በሌላ ፎልደር ያለው ገጽ መንገድ ይስታል።

ፊቱ የታመመ፣ ውስጡ ጤነኛ

ነገሩን ከራሳችን ስሕተት እንጀምር። ጥቂት ሆነን ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የሚሆን የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የሒሳብ ማስታወሻዎች ስብስብ በድረ ገጽ መልክ አዘጋጅተን ነበር። ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር ስላልነበረው ስብስቡ በፍላሽ ዲስክ ተወስዶ በየኮምፒዩተሩ ላይ እንዲገለበጥ ታቅዷል። የጋራውን ራስጌ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የምትለጥፍ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ከዚያም በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ በጫንነው ሰርቨር አማካይነት ገጾቹን አንድ በአንድ ከፍተን ተመለከትን። አርማው በቦታው ነው፤ ማውጫው ይሠራል፤ ቀለሙም ያማረ ነው። ደስ ብሎን ሄድን።

በትምህርት ቤቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የኮምፒዩተር ክፍሉን የሚያገኙት በሳምንት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ክፍለ ጊዜ የመነሻው ገጽ ሲከፈት አርማው ሊታይበት በሚገባው ቦታ ባዶ ሳጥን ታየ። ቀለሙ ጠፍቶ ጽሑፉ እርቃኑን ቀረ። ማውጫው በተነካ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ‹‹ፋይሉ አልተገኘም›› የሚል ብቻ ሆነ። ማስታወሻዎቹ ሁሉ በዲስኩ ላይ አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው በር ግን ተዘግቷል። ይበልጥ ያስገረመን ደግሞ ፎልደሮቹን በእጃችን እየከፈትን ገብተን የፊዚክሱን ገጽ ስናየው አንዳችም እንከን ያልነበረበት መሆኑ ነው። በሰርቨር ላይ ሁሉም ገጽ ጤነኛ ነበር፤ ያለ ሰርቨር ግን በጥልቁ ያሉት ብቻ ዳኑ። ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ አንዲት ማስታወሻ እንኳ አላነበቡም ነበር።

የአንድ ሥዕል አለመታየት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዱካ የሚመራው ሥዕልን ብቻ አይደለም፤ የገጹን ቅጥ የሚወስነው ፋይልም፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረው ማስፈንጠሪያም የሚገኙት በዱካ ነው። ዱካ ሲበላሽ ዕውቀቱ እያለ እንደሌለ ይቈጠራል። እንቆቅልሹን ለመፍታት ከመሠረቱ መነሣት ያስፈልጋል።

የተገለበጠው ዛፍ

ፋይሎችን በፎልደር ውስጥ ፎልደር እያደረጉ ማስቀመጥ ከጥንት የነበረ ልማድ አይደለም። ይህ አሠራር በሚገባ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ይገነባ በነበረው መልቲክስ በተባለው ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ቤተ ሙከራ የሠሩት ዩኒክስ ሐሳቡን አቅልሎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በወጣው የዩኒክስ የመጀመሪያ መመሪያ ላይ የፎልደሮችን ስም የሚለያየው ምልክት እዝባር (/) ነበር። የሁሉም መነሻ የሆነው ፎልደር ‹ሥር› ተባለ፤ ምልክቱም ብቻውን የቆመ እዝባር ሆነ። ስለዚህ የፋይሎች አቀማመጥ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ ታች የሆነ የተገለበጠ ዛፍ ይመስላል።

ዩኒክስ ሁለት ትንንሽ ነገር ግን ታላቅ ጥቅም ያላቸውን ስሞችም አመጣ። አንድ ነጥብ (.) ማለት ‹ያለሁበት ፎልደር› ማለት ነው። ሁለት ነጥብ በተከታታይ (..) ማለት ደግሞ ‹ያለሁበትን ፎልደር የያዘው ወላጅ ፎልደር› ማለት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በዶስ ሁለተኛ እትም ፎልደርን ሲያስገባ ይህንኑ አሠራር ተከተለ። ሆኖም እዝባሩን በመጀመሪያው እትም ለሌላ አገልግሎት አውሎት ስለነበር ለመለያነት ወደ ኋላ ያዘነበለውን መስመር (\) መረጠ። ዛሬም በዊንዶውስ ላይ ድረ ገጽ የሚሠሩ ጀማሪዎች በሁለቱ መስመሮች መካከል ግራ የሚጋቡት በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው። በድረ ገጽ ዱካ ላይ የሚጻፈው ምንጊዜም እዝባር ነው።

ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማእከል ድሩን ሲዘረጋ የዩኒክስን የዱካ አጻጻፍ ወደ ድረ ገጽ አድራሻ አመጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ ሥር ያለው ዛፍ ሆነ።

ሦስቱ የዱካ ዓይነቶች

ለምሳሌ ያህል አንድ ትንሽ ድረ ገጽ እንውሰድ። በእውነተኛው ሥራ የፋይል ስሞች በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ ግን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአማርኛ እንጽፋቸዋለን።

/መነሻ.ኤችቲኤምኤል
/ምስል/አርማ.ፒኤንጂ
/ቅጥ/ዋና.ሲኤስኤስ
/ትምህርት/ማውጫ.ኤችቲኤምኤል
/ትምህርት/ፊዚክስ/እንቅስቃሴ.ኤችቲኤምኤል
/ትምህርት/ባዮሎጂ/ሕዋስ.ኤችቲኤምኤል

ወደ አርማው የሚወስደውን ዱካ በሦስት መንገድ መጻፍ ይቻላል።

የመጀመሪያው ሙሉ አድራሻ ነው፦ ኤችቲቲፒኤስ://ምሳሌ.ኢት/ምስል/አርማ.ፒኤንጂ። ይህ አገርን፣ ከተማንና የቤት ቍጥርን ጨምሮ እንደ መጻፍ ነው። አንባቢው የትም ቢቆም ትርጕሙ አይለወጥም፤ ነገር ግን ድረ ገጹ ስሙን ሲቀይር ሁሉም አድራሻ መታረም አለበት።

ሁለተኛው ከሥር የሚነሣ ዱካ ነው፦ /ምስል/አርማ.ፒኤንጂ። የፊተኛው እዝባር ‹‹ከሥሩ ጀምር›› የሚል ትእዛዝ ነው። ገጹ በየትኛውም ፎልደር ቢሆን ሥሩ አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ ነው።

ሦስተኛው አንጻራዊ ዱካ ነው። ይህ ‹‹ከቆምክበት ጀምር›› የሚል ነው። ከመነሻው ገጽ ሲጻፍ ‹ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› ይሆናል፤ ከእንቅስቃሴው ገጽ ሲጻፍ ግን ‹../../ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› ይሆናል። መድረሻው አንድ ሲሆን አጻጻፉ በመነሻው ይለያያል።

የጋራ አብነት ችግር የሚወለደው ከዚህ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ‹ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› የሚለውን በአብነቱ ውስጥ ብንጽፍ በመነሻው ገጽ ላይ በትክክል ይሠራል። አብነቱ በእንቅስቃሴው ገጽ ላይ ሲለጠፍ ግን ብራውዘሩ የሚፈልገው ‹/ትምህርት/ፊዚክስ/ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› የሚለውን ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የለም።

ሰባት ቤት መቍጠር

ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ፋይል የሚወስደውን አንጻራዊ ዱካ በስሌት ማግኘት ይቻላል። ስሌቱ ለእኛ አንባብያን እንግዳ አይደለም። በአገራችን ባህል ለጋብቻ የታሰቡ ሁለት ወጣቶች ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ከአንዱ ወገን ወደ አባት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቅድመ አያት እየወጡ ሁለቱ የሚገናኙበትን የጋራ አያት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በሌላው ወገን ይወርዳሉ። የፋይል ዱካም የሚሰላው እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ፋይሎች ዱካ ከሥር ጀምረን ጎን ለጎን እንጽፋለን። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ የሆኑትን ፎልደሮች እንሰርዛለን፤ እነዚህ የጋራ አያቶች ናቸው። ቀጥሎ በመነሻው ገጽ ወገን የቀሩትን ፎልደሮች እንቈጥርና ለእያንዳንዱ አንድ ‹../› እንጽፋለን። በመጨረሻ በመድረሻው ወገን የቀረውን እንዳለ እንጨምራለን። ከእንቅስቃሴ ወደ ሕዋስ ስንሄድ ‹ትምህርት› የጋራ ስለሆነ ይሰረዛል፤ በመነሻው ወገን ‹ፊዚክስ› ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ ዱካው ‹../ባዮሎጂ/ሕዋስ.ኤችቲኤምኤል› ይሆናል።

ብራውዘሩ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። የገጹን አድራሻ ይወስድና ከመጨረሻው እዝባር በኋላ ያለውን ይቈርጣል፤ አንጻራዊውን ዱካ ከቀሪው ጋር ያያይዛል፤ ‹../› ባጋጠመው ቍጥር አንድ ፎልደር ይደመስሳል። ይህ ሕግ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. አርኤፍሲ 1808 በተባለው ሰነድ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አርኤፍሲ 3986 በተባለው ሰነድ ተደንግጓል።

‹‹ከመጨረሻው እዝባር በኋላ ያለውን ይቈርጣል›› የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባዋል። ‹/ትምህርት/ፊዚክስ/› እና ‹/ትምህርት/ፊዚክስ› ለሰው ዓይን አንድ ናቸው። ለብራውዘሩ ግን በመጀመሪያው ‹ፊዚክስ› ፎልደር ነው፤ በሁለተኛው ግን የሚቈረጥ የፋይል ስም ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ‹../› ወደ ትምህርት ሲያደርሰን፣ ከሁለተኛው ግን እስከ ሥሩ ያወጣናል። በአንዲት እዝባር መቅረት የአንድ ትውልድ ስሕተት ይፈጠራል።

የእንቆቅልሹ ፍቺ

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። አብነቱን የጻፈው ባልደረባችን ሥራውን የጀመረው ከፊዚክሱ ገጽ ስለነበር በአብነቱ ውስጥ ‹../../ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› ብሎ ነበር። ይህ ለእንቅስቃሴው ገጽ ትክክል ነው። ታዲያ በሰርቨሩ ላይ መነሻው ገጽ እንዴት ሠራ? መነሻው ገጽ ያለው በሥሩ ላይ ነው፤ ከሥር ደግሞ ወዴትም አይወጣም።

መልሱ ያለው በ2005ቱ ሕግ ውስጥ ነው። በ1995ቱ ሰነድ መሠረት ከሥር አልፎ ለመውጣት የሚሞክር ‹..› በአድራሻው ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ ነበር። በ2005ቱ ግን ትርፍ ሆኖ ይጣላል። ስለዚህ ከመነሻው ገጽ የተጠራው ‹../../ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› ሁለቱ ትርፍ መውጫዎች ተጥለውለት ‹/ምስል/አርማ.ፒኤንጂ› ሆነ፤ በአጋጣሚም ትክክለኛው ቦታ ነው። ስሕተቱ ነበረ፤ ነገር ግን የሥሩ ጣራ ሸፈነው።

ስብስቡ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ‹ሳይንስ› በተባለ ፎልደር ውስጥ ተገልብጦ ያለ ሰርቨር ሲከፈት ጣራው ተነሣ። አሁን ሥሩ የድረ ገጹ ሥር ሳይሆን የዲስኩ ሥር ነው። ከመነሻው ገጽ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ሲኬድ ከ‹ሳይንስ› ፎልደር ወጥቶ ዲስኩ ሥር ላይ ይደረሳል፤ በዚያ ‹ምስል› የሚባል ፎልደር የለም። ከትምህርት ማውጫው ገጽም ሁለት እርምጃ ሲኬድ እንዲሁ ነው። በጥልቁ ያሉት የፊዚክስና የባዮሎጂ ገጾች ግን በሁለት እርምጃ በትክክል ‹ሳይንስ› ላይ ያርፋሉ። ፊቱ የታመመውና ውስጡ የዳነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የተማርነው አንድ ዐቢይ ነገር አለ። የዱካ ትክክለኛነት በአንድ ቦታ በመሥራቱ አይረጋገጥም። ‹‹ይህን ዱካ የሚያነበው ማን ነው? ሲያነብስ የት ቆሞ ነው?›› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንባቢው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው በአንድ አብነት ውስጥ ያሉትን ዱካዎች የሚያነቡት የተለያዩ አንባብያን በመሆናቸው ነው።

በኤችቲኤምኤል ውስጥ የተጻፈውን የሥዕልና የማስፈንጠሪያ ዱካ የሚያነበው ብራውዘሩ ነው። ብራውዘሩ አብነት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወደ እርሱ የሚደርሰው ተለጣጥፎ ያለቀለት ገጽ ነው። ስለዚህ የሚቆመው በገጹ አድራሻ ላይ እንጂ የአብነቱ ፋይል በተቀመጠበት ፎልደር ላይ አይደለም።

በሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን የሥዕል ዱካም የሚያነበው ብራውዘሩ ነው፤ የሚቆመው ግን በሲኤስኤሱ ፋይል ላይ ነው። ስለዚህ በ‹/ቅጥ/ዋና.ሲኤስኤስ› ውስጥ ‹../ምስል/ጀርባ.ፒኤንጂ› ብንጽፍ ቅጡን የጠራው ገጽ የትም ቢሆን ዱካው ይሠራል። በአንጻሩ በጃቫ ስክሪፕት ፋይል ውስጥ አንድ ፋይል እንዲመጣ የምናዝዝበት አንጻራዊ ዱካ የሚለካው ስክሪፕቱን ከጠራው ገጽ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፎልደሮች፣ ሁለት ዓይነት ሕግ! ብዙ ተማሪዎች ሰዓታት የሚያጠፉት ይህን ልዩነት ባለማወቅ ነው።

በፒኤችፒ የተጻፈ አብነት ሌላ ክፍል ጨምርልኝ ሲል ግን ዱካውን የሚያነበው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ የሚቆመው በድረ ገጹ ሥር ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ነው። ለእርሱ የፊት እዝባር የዲስኩ ሥር ነው። በተጨማሪም በ‹../› የጀመረ ዱካ የሚለካው ትእዛዙ ከተጻፈበት ፋይል ሳይሆን ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ፎልደር ነው፤ ይህም በአብዛኛው መጀመሪያ የተጠራው ገጽ ያለበት ፎልደር ነው። አብነት አብነትን፣ ያም ሌላውን ሲጠራ ነገሩ የሚተበተበው በዚህ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ‹ዲር› የሚባል፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት የግርጌ መስመር ያለው ቋሚ ስም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በፒኤችፒ 5.3 እትም ተጨምሯል። ይህ ስም ምንጊዜም ትእዛዙ የተጻፈበትን ፋይል ፎልደር ይሰጣል፤ ስለዚህ መነሻው አይናወጥም።

መድኃኒቶቹና ዋጋቸው

የመጀመሪያው መድኃኒት ከሥር የሚነሣ ዱካ ነው። በአብነቱ ውስጥ ያሉትን የብራውዘር ዱካዎች ሁሉ በእዝባር መጀመር ቀላልና አስተማማኝ ነው። ዋጋው ድረ ገጹ የራሱ ሥር እንዲኖረው ማስገደዱ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል ገጾቹን በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ በአንድ ንኡስ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጥ የፊት እዝባሩ የሚያመለክተው የዩኒቨርሲቲውን ሥር እንጂ የክፍሉን አይደለም። ያለ ሰርቨር ከዲስክ ላይ ሲከፈትማ ከነጭራሹ አይሠራም።

ሁለተኛው በኤችቲኤምኤል ውስጥ ‹ቤዝ› የተባለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት ለብራውዘሩ ‹‹በገጹ ላይ ያሉትን አንጻራዊ ዱካዎች ሁሉ ከዚህ አድራሻ ለካቸው›› ይለዋል። አንድ መስመር ተጽፎ ገጹ በሙሉ ይስተካከላል። ነገር ግን ምልክቱ መራጭ አይደለም። በዚያው ገጽ ውስጥ ወደ ታችኛው ርእስ የሚያደርሱ ማስፈንጠሪያዎች እንኳ ከአዲሱ መነሻ ስለሚለኩ አንባቢውን ከገጹ አውጥተው ሊወስዱት ይችላሉ።

ሦስተኛው መነሻውን በአንድ ስም መሰየም ነው። በማስተካከያ ፋይል ውስጥ ‹የድረ ገጹ መነሻ› የሚል ተለዋዋጭ ይቀመጣል፤ አብነቱ በየዱካው ፊት ይህን ስም ይጠራል። ድረ ገጹ ሲዛወር የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው። እንደ ዎርድፕረስና ጃንጎ ያሉ ሥርዓቶች አድራሻውን ራሳቸው አስልተው የሚጽፉ ትእዛዞች ያዘጋጁት ለዚህ ነው። በእነዚህ የሚሠራ ተማሪ ዱካን በእጁ ከመጻፍ ይልቅ ትእዛዞቹን ቢጠቀም ይመረጣል።

አራተኛው ጥልቀትን መቍጠር ነው። ገጾቹን የሚገጣጥመው ፕሮግራም እያንዳንዱ ገጽ ከሥሩ በስንት ፎልደር እንደሚርቅ ቈጥሮ ያንኑ ያህል ‹../› በዱካው ፊት ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የወጣው ድሪምዊቨር የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያም ከአብነት አዲስ ገጽ በሚያወጣበት ጊዜ ዱካዎቹን ለገጹ ቦታ እንዲስማሙ አድርጎ ይጽፋቸዋል። በዚህ መንገድ የተሠራ ስብስብ በሰርቨርም፣ በንኡስ ፎልደርም፣ በፍላሽ ዲስክም ላይ ሳይለወጥ ይሠራል። ዋጋው አንድ ገጽ ከፎልደር ወደ ፎልደር በተዛወረ ቍጥር ፕሮግራሙ እንደገና መሠራት ያለበት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም። በራሱ ስም በሰርቨር ላይ ለሚኖር ድረ ገጽ የመጀመሪያው ወይም ሦስተኛው ይበቃል። በዲስክ ተገልብጦ ለሚሄድ ስብስብ ግን አራተኛው ብቻ ይሠራል።

ከሥር በላይ ለመውጣት የሚሞክር እንግዳ

የ‹../› ነገር የአርማ አለመታየት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያበቃም። አንዳንድ ጀማሪዎች አብነቱን ‹‹ጎብኚው በአድራሻው ላይ የጻፈውን የፋይል ስም ወስደህ ክፈት›› ብለው ያዝዙታል። መልካም ጎብኚ ‹ፊዚክስ› ብሎ ይጽፋል፤ ክፉ ጎብኚ ግን ‹../../../› እያለ ከድረ ገጹ ፎልደር ወጥቶ የሰርቨሩን ምስጢራዊ ፋይሎች ሊያነብ ይሞክራል። ብራውዘሩ በአድራሻ ላይ ትርፉን መጣሉ እዚህ አያድነንም፤ ምክንያቱም ይህን ዱካ የሚያነበው በዲስኩ ላይ የቆመው ሰርቨር ነው።

አደጋው ጀማሪዎችን ብቻ የሚያጠቃ እንዳይመስለን። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ሰርቨሮች አንዱ የሆነው አፓቼ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው 2.4.49 በተባለው እትም ዱካን የሚያጸዳው ክፍል ተለውጦ ነበር። ነጥቦቹ በሌላ የምልክት አጻጻፍ ተሸፍነው ሲመጡ አዲሱ ኮድ ሳያውቃቸው ያልፋል። ቀጥሎ የወጣው 2.4.50 ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ስላልደፈነው ወዲያው 2.4.51 መውጣት ግድ ሆነ። ስለዚህ ከጎብኚ የመጣን ስም በቀጥታ ወደ ዱካ ማስገባት አይገባም፤ የተፈቀዱትን ስሞች በዝርዝር አስቀምጦ ከእነርሱ ጋር ማመሳከር ይገባል።

የፊደላችን ነገር

በመጨረሻ ስለ ስሞች ጥቂት እንበል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅርጽ አለው። ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ሲሠራ ሁለቱን በፋይል ስም አይለይም፤ ሊነክስ ግን ይለያል። በዊንዶውስ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ወደ ሊነክስ ሰርቨር ሲወጣ ሥዕሎቹ በድንገት የሚጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፋይል ስሞችን ሁሉ በትንንሽ ፊደላትና ያለ ክፍት ቦታ መጻፍ ከዚህ ችግር ያድናል።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህኛው ጣጣ ነጻ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለገባ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ይሁን እንጂ አድራሻው በመስመር ላይ ሲጓዝ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት ባይት፣ እያንዳንዱ ባይትም ወደ ሦስት ምልክት ይቀየራል። ስለዚህ ‹አርማ› የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም በአድራሻው ውስጥ 27 ምልክት ይሆናል። ይሠራል፤ ነገር ግን በእጅ ለመጻፍና ስሕተት ለመፈለግ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጉዞ

አበው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይላሉ። የእኛም ትጥቅ የተፈታው በሩጫ ላይ ነበር። ያን ዕለት ማታ በመነሻው ገጽ ላይ ያለውን ዱካ ብቻ በእጃችን አርመን መመለስ እንችል ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ የሚጨመረው ገጽ ያንኑ ስሕተት ይዞ እንደሚመጣ ገባን። ስለዚህ ፕሮግራማችን የየገጹን ጥልቀት እንድትቈጥር አደረግን፤ የተጨመሩት መስመሮች ከዐሥር አይበልጡም። ከዚያም ስብስቡን ሦስት ጊዜ ፈተንነው፦ አንድ ጊዜ በሰርቨር ሥር ላይ፣ አንድ ጊዜ በንኡስ ፎልደር ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ያለ ሰርቨር ከፍላሽ ዲስክ ላይ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚያችው ክፍለ ጊዜ ተመልሰን ሄድን። መነሻው ገጽ ተከፈተ፤ አርማው ታየ። አርማውን ያስተዋለ ተማሪ ግን አልነበረም፤ ሁሉም በማውጫው በኩል አልፈው ወደ ጥያቄዎቹ ገብተው ነበር።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ወይም ለመሥራት የምታስቡ አንባብያን፣ አንድ ሙከራ እናቀርብላችኋለን። የሠራችሁትን ድረ ገጽ ከነፎልደሮቹ ገልብጡና ከዚህ በፊት ባልነበረበት ቦታ አኑሩት፤ ከዚያ መነሻውን ገጽና በጥልቁ ያለውን ገጽ ክፈቱ። የሚጎድል ነገር ካለ ዱካውን ፈልጉና ማን እንደሚያነበው፣ ሲያነበውም የት እንደቆመ ጠይቁ። የሠርግ ንድፍ የሚሥል ሰውም እንግዶቹ ከየት እንደሚመጡ አስቀድሞ ቢጠይቅ ማንም ከድንኳኑ ባልቀረ ነበር።